ገብስና የባሌ መንጋጋ

ባሌ ሲበላ ይሰማል። ይህን የምለው ላማው ፈልጌ አይደለም፤ እሱም ያውቀዋል፣ ሰፈሩም ያውቀዋል። በተጋባን ሰሞን እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ገና ማዕድ ከመቅረባችን፣ «ጓዳችሁ ውስጥ ፍየል አስራችኋል እንዴ?» ብላ ጠይቃለች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሳቀና ማኘኩን ቀጠለ። እኔ ግን መግቢያ ጠፋኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማዕድ ላይ ከአፌ የማይጠፋ ነገር ቢኖር «ኧረ ቀስ በል፣ የሰው ያለህ!» የሚለው ነው። የእሱም መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እሜቴ፣ ጥርስ የተሰጠን ለጌጥ ነው?»

ለነገሩ ስለ ጥርስ ከእሱ ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው። ሥራው ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪም አይደለም፤ አይነቅልም፣ አይሞላም። ሌሎች ነቅለው የጨረሱትን አፍ መልሶ የሚያለብስ ሰው ነው። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቶ ይመጣሉ፤ እሱ የአፋቸውን ልክ ወስዶ በጀሶ ይቀርጻል፣ ጀሶው ላይ ሮዝ ሰም ያለብሳል፣ ሰሙ ላይ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ይተክላል። ከጥቂት ቀን በኋላ እየሳቁ ይወጣሉ። የሰፈር ልጆች ጋሽ ጥርሱ ይሉታል። እውነተኛ ስሙን የምናውቀው እኔና መታወቂያው ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

የቤታችን የፊት ክፍል ለሁለት የተከፈለ ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው የእኔ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በእግር የሚነዳው መኪናዬ፣ የመቁረጫ ጠረጴዛዬና የጨርቅ ክምሬ እዚያ ናቸው። በግድግዳው በኩል ያለው የእሱ ነው፦ ትንሽ የአልኮል መብራት፣ የሰም ቢላዎች፣ ጀሶ የሚያቦካበት የጎማ ሳህን። ከራሱ በላይ እስከ ጣሪያ የሚደርስ መደርደሪያ አለ፤ እዚያ ላይ የሠራላቸው ሰዎች ሁሉ አፍ በጀሶ ተቀርጾ ተደርድሯል። የሞቱትንም አይጥልም። «ይሄ ጡረተኛው ዳኛ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና ሁልጊዜ በግራ ነበር የሚያኝኩት» ይላል፣ ስለ አሮጌ ወዳጅ እንደሚያወራ። ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት የገባሁ ሰሞን እነዚያ ሁሉ አፎች ስፌቴን እያዩ የሚስቁብኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን አቧራቸውን የምጠርገው እኔው ነኝ። በሁለታችን ሥራ መካከል መጋረጃ እንኳ የለም፤ የእሱ የጀሶ ዱቄት ጨርቄ ላይ ያርፋል፣ የእኔ የክር ቁርጥራጭ ሰሙ ላይ ይበራል። አንዲት ደንበኛ አዲሱ ድዷ ውስጥ ሰማያዊ ክር አግኝታ መልሳ አምጥታዋለች። ያን ቀን ሁለታችንም በየጥጋችን አንገታችንን ደፍተን ዋልን።

የተዋወቅነውም በሥራ ነው። የካፖርቱን ገበር ሊያስቀይር መጣ፤ ደረቱን ስለካው ሜትሩ ኮረኮረውና ሳቀ። ከላይኛው ጥርሱ፣ በግራ በኩል ያለው ክራንቻ ከመስመር ወጣ ብሎ ጎረቤቱ ላይ ተደርቧል። ሰልፍ ላይ ቆሞ ከፊት ያለውን ለማየት አንገቱን ያሰገገ ሰው ይመስላል። ልቤን የወሰደው ያ ጥርስ ነው። በኋላ የሙያ ጓደኞቹ «አንተ የሰው ጥርስ እያስተካከልክ ያንን ተሸክመህ ትዞራለህ?» ሲሉት ጣልቃ ገብቼ፣ «ይህን ጥርስ የሚነካ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው» አልኳቸው። እስከ ዛሬ የነካው የለም። የግራ መንጋጋዎቹ ግን ቀስ በቀስ ተነቅለው አለቁ። «በቀኙ ይበቃኛል፤ አንድ ሆድ ነው ያለኝ» ብሎ ለራሱ ሳይሠራ ዓመታት አለፉ። በቀኙ ብቻ እያኘከም ያ ድምፅ ቅንጣት አልቀነሰም።

ነገሩ የተጀመረው በእኔ እግር ነው። ስኳር አለብኝ። መድኃኒቴን እወስዳለሁ፣ ከመድኃኒቱ በኋላ ደግሞ ሻዬን አጣፍጬ በነጭ ዳቦ እጠጣለሁ፤ እንዲያ ተስማምተን እንኖር ነበር። አንድ ሰሞን አዲስ ጫማ የቀኝ አውራ ጣቴን ላጠው። ትንሽ ነገር ናት ብዬ ተውኳት። እሷ ግን አልተወችኝም። እየሰፋች፣ እየጠቆረች ሄደች። ሐኪሟ የልጄ እኩያ የምትሆን ረጋ ያለች ሴት ናት፤ እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

«እናቴ፣ አልደብቅዎትም» አለችኝ። «ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ አይደርቅም። በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዲሁ ሆኖ ካገኘሁት ጣቱን ማውጣት ግድ ይሆናል። ከጣቱም አልፎ እንዳይሄድ ነው የምሰጋው።»

ያ እግር መኪናዬን የምነዳበት እግር ነው። ልጆቻችንን ያስተማርነው፣ ጣሪያውን ያስቀየርነው ግማሹ በእሱ ነው። ወደ ቤት ተመልሼ በግራ እግሬ ልሞክር ብዬ መኪናው ላይ ተቀመጥኩ፤ ስፌቱ እንደ ሰካራም ተወላገደ። ፈታሁት፣ ደግሞ ተወላገደ። ባሌ ከወንበሩ ሆኖ ሲያየኝ ቆይቶ ተነሣ፣ ውኃ አሞቀ፣ የሰም ሥራ መነጽሩን አድርጎ እግሬ ሥር ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ቁስሌን የሚያጥበውና የሚያሽገው እሱ ሆነ። ሲጨርስ ሁልጊዜ እፍ ይልበታል። «እፍ ማለት ምን ይጠቅማል?» ስለው «ሰሙም ላይ እላለሁ፤ ልማድ ነው» ይለኛል።

ታላቅ እህቱን የጠራትም እሱ ነው። እትዬ የምንላት ይህች ሴት እነሱ በተወለዱበት ሩቅ ገጠር ነው የምትኖረው። አውቶቡስ ላይ ሦስት ከረጢት ጭና መጣች፤ አንዱ ገብስ ከነልጣጩ፣ አንዱ ባቄላ ከነልብሱ፣ ሦስተኛው ምስር፣ ተልባ፣ ነጭ ሽንኩርትና በጥላ የደረቀ የዱር ቅጠል። ካፖርቷን ሳታወልቅ ጓዳዬ ገባች። ነጩ ዱቄት፣ ስኳሩ፣ ማካሮኒው፣ የሱቁ ዘይት፣ ደብቄ ያስቀመጥኩት ብስኩት ሳይቀር ወጣ። ለጎረቤቴ ሰጠችው። ጎረቤቴ ደስታዋን መደበቅ እንኳ አልሞከረችም።

«እናንተ ከተሜዎች የምትበሉት ጥጥ ነው» አለች እትዬ። «እኛ አያቶቻችን የበሉትን ነው የምንበላው። አያታችን ይህንኑ እየበላች የልጅ ልጅ አይታ፣ ምንጭ ወርዳ ውኃ እየቀዳች ነው የኖረችው። ይህን ብይ። አትፍጪው፣ አትላጪው፣ እንዳለ ቀቅለሽ ወይ ቆልተሽ ብይው። መድኃኒትሽንም አታቋርጪ።»

እኔም አፌ አያርፍም። «እትዬ፣ የድሮ ሰው ይህን እየበላ አልሞተም ነው የሚሉኝ?»

«ሞተ እንጂ! ግን በሁለት እግሩ እየሄደ ነው የሞተው።»

 ሁላችንም የእኔን እግር አየን፤ እሷም የተናገረችው ቆጭቷት መሰለኝ፣ ተልባውን ታበጥር ጀመር።

እትዬ በሄደች ማግሥት የመጀመሪያው ምሳ ቀረበ፦ የተቀቀለ ገብስና ባቄላ፣ ዳር ላይ ቅጠልና እርጎ። አንድ ጊዜ ጎረስኩ። አኘክሁ፣ አኘክሁ፣ አሁንም አኘክሁ። ሰሃኑን ገፋሁት። «ፈረስ አይደለሁም» አልኩ። ባሌ ጓዳ ገብቶ የራሱን ሰሃን ከዚያው ድስት ሞልቶ አመጣና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«አንተ ደግሞ ምን በወጣህ? ስኳር የለብህ።»

«አንቺ የምትበይውን ነው የምበላው።»

«እስከ መቼ?»

«አንቺ እስከበላሽ ድረስ።»

የእልህ ሴት ነኝ፤ ንዴቴንም የምወጣበት ሰው እሱ ብቻ ነው። «እንግዲያው ስማ» አልኩት። «ብቻዬን ይህን ገለባ አላመነዥክም። አንተ ያቆምክ ዕለት እኔም አቆማለሁ። ያን ዕለት ፈልጋት ብትባል የምታገኘኝ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ነው።»

«እሺ» አለ።

የእኔ ባል እሺ ካለ እሺ ነው። ለደንበኛ እሺ ካለ ትኩሳት ይዞትም ሰሙን ሲያቀልጥ ያድራል። ይህን እያወቅሁ በንዴት የወረወርኩትን ቃል እሱ እንደ ውል አንስቶ ኪሱ ከተተው። እኔ ወዲያው ረሳሁት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለጎረቤት መሳቂያ ሆንን። ሥጋ አልፎ አልፎ ብቻ፣ ጣፋጭ ፈጽሞ የለም። የዱር ቅጠሉ ሲቀቀል ሽታው ደረጃው ድረስ ይወርዳል፤ አንድ ደንበኛዬ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ «ጉድጓድ ተደፍኖባችኋል?» አለችኝ። ባሌ ግን ሰባኪ ወጣው። ደንበኞቹ ፊት አንዱን የጀሶ መንጋጋ ያነሣና፣ «እዩት፣ የእኚህን እናት አጥንት ውፍረት እዩት! ሲያኝኩ ነው የኖሩት። ያላኘከ መንጋጋ ይከሳል» ይላል። በእጁ ደግሞ የተቆላ ገብስ ይቆረጥማል። ያ ድምፁ ከገብሱ ጋር ተባብሮ የእኔን መኪና አስናቀ። «ኧረ ቀስ!» እያልኩ ጮህኩ። እሱም «ለጌጥ ነው እንዴ?» እያለ ቀጠለ።

ቀስ በቀስ ገብሱን ለመድኩት። ጣዕሙ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ አኝከሽ አኝከሽ ልትውጪው ስትይ ጣፈጥ ይላል። የእግሬ እብጠት ጎደለ፤ በየሳምንቱ ክሊኒክ ሄጄ ስለካ ስኳሩ ትንሽ ትንሽ እየወረደ ነው ይሉኛል። ቁስሉ ግን አፉን አልዘጋም።

አንድ ቀን ምሳ እየበላን ቤቱ ፀጥ ማለቱ ገረመኝ። ቀና ብዬ አየሁት። አፉን ገጥሞ፣ በየመሐሉ ውኃ እየተጎነጨ፣ በጨዋ ደንብ ይበላል። «ተመስገን! ለካ የድሮ ምግብ ሥርዓትም ያስተምራል» አልኩት። ከንፈሩን ሳይከፍት ፈገግ አለ። ይህን ሁሉ ዓመት ጨቅጭቄ ያላገኘሁትን ገብስ ሰጠኝ ብዬ ለጎረቤቴም አወራሁ።

መጀመሪያ ሱሪው ወገቡ ላይ ሰፋው። ደስ ብሎኝ አጠበብኩት። ቆይቶ ደግሞ ሰፋው፤ አጠበብኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰፋው ሜትሩን ወገቡ ላይ እንደጠመጠምኩ እጄ ቆመ። የሸሚዙ አንገት ሁለት ጣት ያስገባል። ጉንጩ ወደ ውስጥ መግባት ጀምሯል። አባቱ እንዲሁ ከስተው ከስተው፣ ምን እንደሆኑ ሳይታወቅ ነው የሄዱት። ያኔ የራሴን ጣት ረሳሁት። እውነቴን ነው፤ ጣቱን ቆርጠው ሰውዬውን በተዉልኝ ብዬ ጸልያለሁ።

«ሐኪም ዘንድ እንሂድ» አልኩት።

«ቦርጬ ስለሄደ ከፋሽ?»

«አታሹፍ። ያምሃል?»

«ከአንቺ ቀጠሮ በኋላ እንሄዳለን» አለ። ያን ሰሞን ነገሩ ሁሉ ከእኔ ቀጠሮ በኋላ ነበር።

ቀጠሮው ገና ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ አንድ ጠዋት ጀሶ ሊገዛ ወጣ። እኔም መደርደሪያውን ልጥረግ ብዬ በርጩማ ላይ ወጣሁ። አፎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ክፍሉ አዙረው ነው የሚቀመጡት፤ የእሱ ደንብ ነው። ከላይኛው ረድፍ ጀርባ ግን አንድ ፊቱን ወደ ግድግዳ የመለሰ አገኘሁ። ቅጣት ላይ ያለ ተማሪ መሰለኝ። አነሣሁት። ሁሉም ከሥራቸው በእርሳስ የባለቤታቸው ስም ተጽፎባቸዋል፤ ይሄ ስም የለውም። ልመልሰው ስል አውራ ጣቴ አንድ ነገር ላይ አረፈ። በግራ በኩል፣ ከመስመር ወጥቶ ጎረቤቱ ላይ የተደረበ ክራንቻ።

ከበርጩማው ወርጄ የእሱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የባሌን አፍ በእጄ ይዣለሁ። ከፊት ያሉት ጥርሶች አሉ። ከእነሱ በስተኋላ በግራ ምንም የለም፤ ያንንስ አውቅ ነበር። በቀኝም ምንም የለም። ልሙጥ ጀሶ ብቻ። ልኩ ደግሞ በአንድ ወገን ጠልቆ በሌላው ሳስቷል። ከጀሶ ጋር ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ይሄ አይጠፋኝም፤ መስታወት ፊት ቆሞ፣ ብቻውን፣ አንዱን እጁን አፉ ውስጥ ከትቶ የወሰደው ልክ ነው። መሳቢያውን ከፈትኩ። በእኔው የጨርቅ ቁራጭ ተጠቅልሎ አንድ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተቀምጧል፤ ጠርዙ ላይ ደም ደርቆበታል።

ትዝ ያለኝ ገብሱ ነው። ያ ሁሉ ገብስ ከነልጣጩ፣ ያ ሁሉ ባቄላ ከነልብሱ። ሲያኘክ አልነበረም። በውኃ ሲውጥ ነው የከረመው።

አለቀስኩ። ለቅሶዬ ሲያልቅ ደግሞ ተናደድኩ፤ አፈጣጠሬ ነው። ምሳ ሲደርስ ጠረጴዛውን አሰናዳሁ፣ በሰሃኑ ላይ ያን ጀሶ አስቀመጥኩና በሌላ ሰሃን ከደንኩት። ገብቶ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ክዳኑን አነሣ።

«እስቲ ብላ» አልኩት።

ጀሶውን ትክ ብሎ አየ።

«ማን ነው ይሄ?»

«ደንበኛ ነው» አለ ዓይኑን ሳያነሣ።

«ስሙ ማን ነው?»

«አሁን ትዝ አይለኝም።»

«እኔ ይህን ጥርስ የማላውቀው ይመስልሃል? አንተ ሰውዬ፣ ያገባሁት እሱን እኮ ነው!»

ልቆጣ አስቤ ነበር፤ ድምፄ ግን መሐሉ ላይ ተሰበረብኝ። እሱም ያን ሲሰማ መካዱን ተወ። ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዲት የተቆላች ገብስ የቀኝ መንጋጋውን ለሁለት እንደሰነጠቀችው ነገረኝ። የሰፈራችን የጥርስ ሐኪም ሚስት ልብስ የምታሰፋው እኔ ዘንድ ስለሆነ፣ ወሬው እንዳይደርሰኝ ከተማውን አቋርጦ የማያውቀው ሐኪም ዘንድ ሄደ። በዚያ በኩል የቀረለት ሌላ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ሲነቃነቅ ኖሯል፤ ሁለቱም ወጡ። ከዚያ እኔ ገበያ በሄድኩበት ለራሱ ሠራ። ሲሠራው አላምር አለው፤ ሁለት ጊዜ ሲያኝክበት ድዱን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ማዕድ ላይ ለእኔ ዓይን ያደርገዋል፣ ከማዕድ በኋላ ያወልቀዋል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አቆማለሁ ብለሻላ።»

«ምን?»

«አንተ ያቆምክ ዕለት እኔም አቆማለሁ ብለሻል። እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ።»

እንዲያ ብቻ አለ። ወቀሳ የለበትም፤ የደንበኛ ቀጠሮ እንደሚያስታውስ ሰው ነው የተናገረው። እኔ በንዴት ተናግሬ የረሳሁትን ቃል እሱ በየቀኑ፣ በየጉርሻው ሲውጠው ኖሯል። ተነሥቼ ያን የከሳ ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ አደረግሁት። ምን እንደሚባል አላወቅሁም፤ ስለዚህ መቆጣት ጀመርኩ።

«ስማኝ። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ብታቆምም እኔ አላቆምም። ፊቴ ተቀምጠህ ነጭ ዳቦ በሻይ እየነከርክ ብትበላ እንኳ አላቆምም። ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«እና አሁን ምን ልስጥህ?»

«ገብስ» አለ። ግትር ነው ስል ሰው አያምነኝም።

ለእትዬ ስልክ ደወልኩ። ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። «አያታችን ጥርስ መች ነበራት?» አለችኝ ሳቋን አቁማ። «እናታችን ነበረች ገብሱን ዘፍዝፋ፣ ወቅጣ፣ ልጣጩን አንፍሳ የምትሰጣት። ባቄላውንም አልማ እንደ ሕፃን ምግብ አድርጋ። ስታጎርሳት ሁላችንም ከበን እናያለን። እኔ ልጅ ስለነበርኩ አያቴ ምን በላች እንጂ ማን አዘጋጀላት ብዬ አስቤ አላውቅም። እህሉን ይዤላችሁ መጣሁ፣ ሙቀጫውን ግን ረሳሁት።»  በሳምንቱ በአውቶቡስ ላከችው፤ ሆዱ በአሮጌ እጆች የለሰለሰ ከባድ የእንጨት ሙቀጫ ከነዘነዘናው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሱን ድርሻ ማታ እዘፈዝፋለሁ፣ ጠዋት ተቀምጬ እወቅጣለሁ። እግሬ ባይሠራ እጄ አልታመመም። ሱሪው ወገቡ ላይ እንደገና መጥበብ ሲጀምር እንደዚያ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም።

ጥርሱ ግን ገና አልተሠራም። «ለራስ ልክ መውሰድ አይቻልም» አለ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እያፈረ። «ራስ ቀጥ ማለት አለበት፣ በሁለት እጅ እኩል መጫን ያስፈልጋል፣ ጉንጩንም የሚስብ ሰው ይፈልጋል። ሥራውን ላስተማርኳቸው ልጆች ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ።»

«እኔ ልክ ስወስድ ነው የኖርኩት» አልኩት። «ተቀመጥ።»

አፉ ከተያዘ በኋላ መናገር ስለማይችል አስቀድሞ ሁሉን ነገረኝ። «ልክ የሚወሰድበት ሊጥ በቶሎ ይጠጥራል፤ ማንኪያ የመሰለውን ብረት በሰያፍ ታስገቢያለሽ፣ ከኋላ ወደ ፊት ትጫኛለሽ፣ እስኪጠጥር እጅሽ እንዳይንቀሳቀስ። አውራ ጣቴን ወደ ላይ ካደረግሁ ተጫኚ ማለት ነው፤ መዳፌን ከዘረጋሁ በቃ» አለ። ሊጡን አቦካልኝ፣ እኔም አስገባሁ። መዳፉን ዘረጋ። እኔ ተጫኚ ያለኝ መሰለኝና ተጫንኩ። ዓይኑ ፈጠጠ፣ እንባው ወረደ፣ ከጉሮሮው ስድብ የሚመስል ነገር ወጣ። ሳቄ መጣ። እሱም ሳቀ፤ ልኩ ተበላሸ።

«እየሳቅሽ አትለኪኝ!» አለ አፉን እየተጉመጠመጠ።

«ያኔም የሳቅከው አንተ ነህ።»

ሁለተኛው ላይ ፀጥ አልን። አንድ እጄ አፉ ውስጥ፣ ሌላው ግንባሩ ላይ ነው። ትንፋሹ አንጓዬ ላይ ይሞቃል። የዚህን ሰው ትከሻ ለክቻለሁ፣ ደረቱን፣ የእጁን ርዝመት፣ ሲወፍርም ሲከሳም ወገቡን፤ ልኩን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ሊጡ እስኪጠጥር ሳልንቀሳቀስ ያዝኩት። ሳወጣው ወደ ብርሃን ይዞ ብዙ አገላበጠው። «ከእኔ ይሻላል» አለ። የሚቀናም የሚኮራም ይመስል ነበር።

ቀጠሮው ደረሰ። ሐኪሟ ማሸጊያውን ስትፈታ ግድግዳውን አየሁ። ባሌ የቀኝ ጫማዬን በሁለት እጁ አቅፎ በር ላይ ቆሟል። ልጅቷ አንድ ጊዜ ጫን አድርጋ ነካችኝ፣ ወረቀቱን አየች፣ እንደገና እግሬን አየች።

«ቁስሉ እየገጠመ ነው፤ ስኳሩም ወርዷል» አለች። «ጣቱን አንነካውም፣ እናቴ። መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ፣ መታጠቡም ይቀጥል። ለመሆኑ ምን አደረጉ?»

 «ገብስ» አለ ባሌ ከበሩ። ከዚያ ጫማዬን ፊቱ ላይ ያዘ። ሐኪሟ የሚስቅ መስሏት አብራው ሳቀች፤ እኔ ግን ትከሻውን አይቻለሁ።

ጥርሱ ያለቀው ከዚያ በኋላ ነው። አደረገው፣ ንክሻ የሚለካበትን ሰማያዊ ስስ ወረቀት በጥርሶቹ መሐል ነክሶ ምልክቱን በመስታወት አየ፤ በቀኝም በግራም እኩል ነጥብ ነጥብ ብሏል። አንዲት ጠርዝ ሞረድ አደረገ። እኔ በመስኮቱ በኩል መኪናዬ ላይ ተቀምጬ፣ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀኝ እግሬን መርገጫው ላይ አሳርፌአለሁ። ቀስ ብዬ ገፋሁት። መንኮራኩሩ ዞረ፤ ስፌቱ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከኋላዬ የቆርቆሮ ክዳን ሲከፈት ሰማሁ።

«ምንድን ነው የምታወጣው?»

«የተቆላውን።»

«አብደሃል? ጥርስህን የሰበረው እሱ አይደል? የተወቀጠ አለልህ እኮ!»

 ከዚያ መጣ። ከግድግዳው በኩል፣ ከእነዚያ ሁሉ የጀሶ አፎች ሥር፣ ቅርጥፍጥፍ፣ ቅርጥፍጥፍ፤ እናቴ ፍየል ያለችው ያ ድምፅ፣ አሁን ደግሞ በሁለቱም ጉንጩ። እግሬን ከመርገጫው አነሣሁ። መኪናው ቆመ። እሱም ደንግጦ ማኘኩን አቆመ፤ የለመደውን ቁጣ መጠበቁ ነው።

«አልሰማሁም» አልኩት ፊቴን ሳላዞር። «ደግመህ አኝክ።»